በሻርሎት የፊዚክስ ቤተ ሙከራ የደቀቀው የኩላሊት ጠጠር፦ የቱሊየም ፋይበር ሌዘር የጉዳይ ጥናት

የኩላሊት ጠጠር ከያዘው ሰው ጋር ሌሊቱን ያደረ ሰው ስለ ሕመሙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ታማሚው መቀመጥ ያቅተዋል፣ መተኛት ያቅተዋል፣ መቆምም አይሆንለትም። ጎኑን በእጁ ደግፎ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል፤ ያስመልሰዋል፤ ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቀዋል። ይህን ሁሉ መከራ የምታመጣው ቅንጣት ብዙ ጊዜ ከምስር ፍሬ አትበልጥም። ከኩላሊት ወጥታ፣ ሽንትን ወደ ፊኛ በሚያወርደው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ስትቀረቀር ሽንቱ ከበላይዋ ይጠራቀማል፣ ኩላሊቱም ይወጠራል። ያ የማያስቀምጥ ሕመም የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጠጠሩ ሳይለቀም ከእህል ጋር ተበልቶ የገባ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እንደዚያ አይደለም። የምንውጠው ጠጠር በአንጀት አልፎ ይወጣል እንጂ ኩላሊት ዘንድ አይደርስም። የኩላሊት ጠጠር እዚያው ኩላሊት ውስጥ የሚያድግ ነው። ሽንት ውስጥ የሟሙት ካልሲየም፣ ኦክሳሌት፣ ዩሪክ አሲድና የመሳሰሉት ውሃ ሲያንሳቸው ረግተው ክሪስታል ይሠራሉ፤ ክሪስታል በክሪስታል ላይ እየተደራረበ ይጠነክራል። ሐኪሞች ከሱዳንና ከግብፅ አንሥቶ የዓረብን ምድር አቋርጦ ወደ ደቡብ እስያ የሚዘልቀውን ሞቃት ቀጠና «የጠጠር ቀበቶ» ይሉታል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ፀሐይ ላይ ውሎ በቂ ውሃ ሳይጠጣ የሚያመሽ ወገናችን የሚሠራው በዚህ ቀበቶ መካከል ነው። ላቡ በወጣ መጠን ሽንቱ ያንሳል፣ ይጠቁራልም።

የዚህ ጥናት ጉዳይ ያችን ቅንጣት፣ ሆድ ሳይቀደድ፣ ወደ ዱቄትነት የሚለውጥ አንድ የሌዘር ዓይነት ነው። መነሻው የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሲሆን ዋናው ተመራማሪም የፊዚክስ መምህር ናቸው፦ ፕሮፌሰር ናታኒየል ፍራይድ፣ በአሜሪካ ሻርሎት ከተማ በሚገኘው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስና የኦፕቲክስ ሳይንስ ትምህርት ክፍል። ይህን ጉዳይ የመረጥኩት አንድ የፊዚክስ ሐሳብ ከመለኪያ ጠረጴዛ ተነሥቶ ታማሚው አልጋ እስኪደርስ የሄደበት መንገድ እርምጃ በእርምጃ ታትሞ ስለሚገኝ ነው። ያልተሳካውም፣ ያከራከረውም አብሮ ተጽፏል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቱሊየም በፊት

ሌዘር በጠጠር ላይ መሞከር የጀመረው ሌዘር ራሱ ከተፈጠረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በ1968 የሩቢ ሌዘር በሽንት ጠጠር ላይ ተሞክሮ ነበር፤ ጠጠሩን ቢሰብርም የፈጠረው ሙቀት ለሕያው አካል የሚመች አልነበረም። በ1980ዎቹ አጋማሽ በፈሳሽ ቀለም የሚሠራ አረንጓዴ ሌዘር ወደ ሆስፒታል ገባ። እርሱ በሰውነት ላይ ጉዳቱ አነስተኛ ነበር፤ ነገር ግን ጠንካሮቹን ጠጠሮች፣ በተለይም ሲስቲን የሚባለውን ዓይነት፣ አልቻላቸውም። በ1990ዎቹ የሆልሚየም ሌዘር መጣና ሁሉንም የጠጠር ዓይነት ሰበረ። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል ሌዘር ሲባል ሆልሚየም ማለት ሆነ።

ሕክምናው እንዴት እንደሚካሄድ ማየት ያስፈልጋል። ሐኪሙ የትም ቦታ አይቀድም። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለውን፣ እንደ ፈለጉት የሚተጣጠፍ ቀጭን ኢንዶስኮፕ በሽንት መውጫ አስገብቶ፣ በፊኛ በኩል አሳልፎ፣ በቱቦው ሽቅብ እስከ ኩላሊት ያደርሰዋል። በኢንዶስኮፑ ሆድ ውስጥ 1.2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት አንዲት ቀዳዳ አለች። ሐኪሙ ያለችው መተላለፊያ ይህች ብቻ ናት። የሌዘሩን ብርሃን የሚያደርሰው የመስታወት ክር፣ ማለትም ፋይበሩ፣ የሚገባው በእርሷ ነው፤ ስፍራውን እያጠበ እይታን የሚያጠራው ውሃም የሚፈሰው በእርሷው በኩል ነው። ይህችን 1.2 ሚሊ ሜትር አንባቢ በልቡ ይያዛት፤ ኋላ ላይ ብዙ ነገር የሚወሰነው በእርሷ ነው።

የሆልሚየም ሌዘር ብርሃን በዓይን አይታይም፤ የሞገድ ርዝመቱ 2.12 ማይክሮ ሜትር የሆነ ኢንፍራሬድ ነው። የሚወጣውም እንደ ልብ ትርታ በምት በምት ነው። ምቱ ሲጀምር ከፋይበሩ ጫፍ ፊት ያለውን ውሃ አፍልቶ የእንፋሎት አረፋ ይሠራል፤ የቀረው የምቱ ክፍል በአረፋው ውስጥ እንደ ደረቅ ምድር ተሻግሮ ጠጠሩን ያገኘዋል። የዘርፉ ሰዎች ይህን «የሙሴ ክስተት» ብለው ሰየሙት። ኦሪት ዘጸአትን የሚያውቅ አንባቢ ስሙ ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል።

ይሁንና ሆልሚየም የራሱ ሸክም ነበረው። ኃይሉን የሚያገኘው ከፍላሽ መብራት ነው። መብራቱ በክሪስታል ዘንግ ላይ ነጭ ብርሃን ያዘንባል፤ ዘንጉ ከዚያ ሁሉ ብርሃን የሚጠቀመው ጥቂቱን ነው፤ የተረፈው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ከመሥመር ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ውስጥ የሌዘር ብርሃን ሆኖ የሚወጣው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ በውሃ ማቀዝቀዝ ግድ ይሆናል፣ መሣሪያውም ይገዝፋል። ዘንጉ ሲግል ደግሞ እንደ ሌንስ እየሆነ ጨረሩን ያዛባዋል፤ በሴኮንድ የሚሰጠውን የምት ብዛት እንደ ልብ ማሳደግ አይቻልም። ጨረሩ ወፍራም በመሆኑ ከ200 ማይክሮ ሜትር በቀጠነ ፋይበር ውስጥ ለማስገባት መሞከር ፋይበሩን ገና መግቢያው ላይ ያቃጥለዋል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ምት ጉልበተኛ ነው፤ ጠጠሩን ሲመታው ወደ ኋላ ይወረውረዋል። ቱቦው ውስጥ የነበረ ጠጠር ተገፍቶ ወደ ኩላሊት ሲመለስ፣ ሐኪሙ እየተከተለ ከጓዳ ጓዳ ያሳድደዋል።

ውሃ የሚውጠው ብርሃን

ፍራይድ ወደ ሻርሎት ከመምጣታቸው በፊት በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ከዩሮሎጂ፣ ማለትም ከኩላሊትና ከሽንት ቧንቧ፣ ሐኪሞች ጋር ሠርተዋል፤ ችግሩን የሚያውቁት ከቅርብ ነው። የመረጡት መነሻ ግን የፊዚክስ ሰው መነሻ ነው። ሥራው የሚከናወነው ውሃ ውስጥ ነው፤ ጠጠሩም ራሱ በቀዳዳዎቹና በክሪስታሎቹ መካከል ውሃ አለው። እንግዲያውስ ውሃ ከሁሉ አብልጦ የሚውጠው የትኛውን ብርሃን ነው?

ውሃ ብርሃንን ሁሉ በእኩል አይቀበልም። በዓይን የምናየውን ያሳልፈዋል፤ የጠራ ምንጭ ሥር ያለውን አሸዋ ቆጥረን የምናየው ለዚህ ነው። ወደ ኢንፍራሬዱ ስንሻገር ግን ነገሩ ይለወጣል። የውሃ ሞለኪውል የተወሰኑ የሞገድ ርዝመቶችን ሲያገኝ በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ብርሃኑንም ውጦ ሙቀት ያደርገዋል። ከእነዚህ ከፍታዎች አንዱ 1.94 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ይገኛል። የሆልሚየሙ 2.12 ከዚያ ከፍታ ወደ ቁልቁለቱ ወርዷል። ቱሊየም የሚባለው ንጥረ ነገር የሚሰጠው ብርሃን ግን ከፍታው ላይ ወይም እጅግ አጠገቡ ያርፋል፤ ፍራይድ በተለያዩ ጊዜያት የተጠቀሙባቸው ሌዘሮች 1.94 እና 1.908 ማይክሮ ሜትር ነበሩ። ውሃ የቱሊየምን ብርሃን ከሆልሚየሙ በአራትና በአምስት እጥፍ አብልጦ ይውጠዋል። የሆልሚየም ብርሃን ውሃ ውስጥ ወደ ሦስት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ያህል ዘልቆ ሲዳከም፣ የቱሊየሙ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር እንኳ ሳይሞላ አብዛኛው ያልቃል። ያው ጉልበት በጠበበ ስፍራ ላይ ሲያርፍ ስፍራው ቶሎ ይፈላል። ከአጠገብ ላለው ሥጋም ጥቅም አለው፤ ጠጠሩን የሳተ ብርሃን ሩቅ አይሄድም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም የዚህ ሥራ ውበት ለእኔ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። ያ የ1.94 ከፍታ አንድ ቦታ ተተክሎ የሚኖር አይደለም። ውሃው እየሞቀ ሲሄድ ከፍታው ወደ አጭሩ የሞገድ ርዝመት ይንሸራተታል። በክፍል ሙቀት በተለካ ሠንጠረዥ 1.908 ከከፍታው ትንሽ ዝቅ ያለ ይመስላል፤ ጠጠሩ ሲፈነዳ ያለው ውሃ ግን የፈላ ውሃ ነው፤ ለፈላ ውሃ 1.908 ከከፍታው ጋር ይገጥማል። ይህን ለማየት መጽሐፍ ላይ የሰፈረውን ቁጥር መውሰድ አይበቃም፤ ቁጥሩ በምን ሁኔታ እንደተለካ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሆልሚየምንና ቱሊየምን በ1879 ለይቶ ያወጣቸው አንድ ሰው ነው፣ ስዊድናዊው ኬሚስት ፔር ቴዎዶር ክሌቨ። የመጀመሪያውን በስቶክሆልም፣ ሁለተኛውን የጥንት ሰዎች የሰሜን ዳር አድርገው ባሰቧት በቱሌ ስም ጠራቸው። ሁለቱ ወንድማማቾች ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው በአንድ ጠጠር ላይ ተገናኙ።

ፍራይድ በ2005 ባሳተሙት የመጀመሪያ የጠጠር ጥናት የተጠቀሙት 110 ዋት የሆነ፣ ለሕክምና ታስቦ ያልተሠራ የቱሊየም ፋይበር ሌዘር ነበር። ከሰው የወጡ የዩሪክ አሲድና የካልሲየም ኦክሳሌት ጠጠሮችን ሰበረ። የሻርሎቱ ቤተ ሙከራ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ የሠራበት ዘዴ ለማንኛውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚገባ ነው። ጠጠሩ በምድጃ ይደርቅና በሚዛን ይለካል። ከዚያ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፤ የፋይበሩ ጫፍ ይነካዋል፤ ሌዘሩ ለተወሰነ ጊዜ ይተኮሳል። ጠጠሩ ወጥቶ እንደገና ይደርቃል፣ እንደገና ይመዘናል። የጠፋው ክብደት በጊዜ ሲካፈል የሌዘሩን ሥራ ይናገራል። እርጥብ ጠጠር መመዘን ውሃን መመዘን ስለሆነ ማድረቁን መዝለል አይቻልም። ይህ በብዙ ዓይነት የምት ጉልበት፣ በብዙ ዓይነት ድግግሞሽ፣ በተለያየ የፋይበር ውፍረት ለዓመታት ተደጋግሟል። በዚያው ከተማ የሚያክሙት የዩሮሎጂ ሐኪም ፒርስ ኧርቢ ስማቸው በብዙዎቹ ጽሑፎች ላይ ከፍራይድና ከተማሪዎቻቸው ጎን ይገኛል።

በ2011 የታተመው የሁለቱ ሌዘሮች ንጽጽር የነገሩን አቅጣጫ አሳየ። ጠንካራውን የካልሲየም ኦክሳሌት ጠጠር መፈርፈር ለማስጀመር ሆልሚየም በካሬ ሴንቲ ሜትር 82.6 ጁል ሲያስፈልገው፣ ለቱሊየም 20.8 ጁል በቃው። ልዩነቱ አራት እጥፍ ገደማ ነው፤ በውሃ የመዋጡ ልዩነትም እንዲሁ አራት እጥፍ ገደማ ነበር። ሐሳቡና ሚዛኑ ተስማሙ ማለት ነው። ያው ጥናት የጠጠሩን መገፋትም ለክቷል። በሆልሚየም የምቱ ጉልበት በጨመረ ቁጥር ጠጠሩ ርቆ ይሄዳል። በቱሊየም በሴኮንድ ከ150 ምት በታች ጠጠሩ እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ግን መገፋቱ በፍጥነት ይጨምራል። ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሳይደብቁ ማተማቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ በኋላ የመጡ ሐኪሞች ድግግሞሹን ሲመርጡ ያውቋታልና።

ቀጣዩ ፈተና ወደ ሰውነት ቀረብ ያለ ነበር። ቱቦ የሚመስል አካል ተሠርቶ ከሥሩ 1.5 ሚሊ ሜትር ዓይን ያለው ወንፊት ተደረገለት፤ ጠጠሩ ደቅቆ ሙሉ በሙሉ በወንፊቱ እስኪያልፍ ድረስ ሰዓት ተያዘ። ሆልሚየሙ በ600 ሚሊ ጁል፣ በሴኮንድ 6 ጊዜ ይመታ ነበር። ቱሊየሙ በ35 ሚሊ ጁል፣ በሴኮንድ እስከ 500 ጊዜ። አንደኛው መዶሻ፣ ሁለተኛው ሞረድ ነው ማለት ይቻላል። መዶሻው ጠጠሩን ይፈረካክሰዋል፤ ቁርጥራጩን በመረብ እየለቀሙ ማውጣት ይቀራል። ሞረዱ ዱቄት ያደርገዋል፤ ዱቄቱ በሽንት ታጥቦ ይወጣል።

ከፀጉር ውፍረት ጋር የሚቀራረብ ክር

አሁን ወደዚያች 1.2 ሚሊ ሜትር እንመለስ።

በቱሊየም ፋይበር ሌዘር ውስጥ ብርሃኑ የሚወለደው ከክሪስታል ዘንግ አይደለም፤ እንደ ክር ተጠምጥሞ ከተቀመጠ ረጅም የመስታወት ፋይበር ውስጥ ነው። የፋይበሩ እምብርት በቱሊየም የተቀመመ ነው፤ ስፋቱ ወደ 20 ማይክሮ ሜትር ገደማ። ከዚህ የጠበበ ምንጭ የሚወጣ ጨረር ራሱም ጠባብና ሥርዓት ያለው ስለሆነ፣ 100 ወይም 50 ማይክሮ ሜትር በሆነ ፋይበር ውስጥ መግቢያውን ሳያቃጥል ይገባል። የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮ ሜትር ገደማ መሆኑን ማስታወስ ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? አንደኛ፣ ቀዳዳዋ ስለማትሰፋ ፋይበሩ በቀጠነ ቁጥር ለውሃው መንገድ ይለቃል፤ ውሃው በበረታ ቁጥር ከጠጠሩ የሚነሣው ብናኝ ቶሎ ይጠራል። ጉም ውስጥ የሚነዳ ሹፌር ይህን ይረዳዋል። ሁለተኛው ከዚህም ይበልጣል። የአንድ ክር ግትርነት ከውፍረቱ አራተኛ ኃይል ጋር ያድጋል፤ ውፍረቱን በግማሽ ሲቀንሱት ግትርነቱ አሥራ ስድስት ጊዜ ያንሳል። ከኩላሊት ክፍሎች የታችኛው ኢንዶስኮፑ ወደ ኋላ ታጥፎ የሚደርስበት ነው፤ ግትር ፋይበር ሲገባ ኢንዶስኮፑ መታጠፍ ያቅተዋል፣ ሐኪሙም ጠጠሩን እያየ አይደርስበትም። ቀጭኑ ፋይበር ያንን በር ይከፍታል።

ቅጥነት ዋጋም አለው። ጫፉ ከጠጠሩ ጋር ሲሠራ ራሱም ይበላል፣ ይቃጠላል፣ እንደ ሻማ እያጠረ ይሄዳል። የሻርሎት ሰዎች ከዚህ ጋር ለዓመታት ታገሉ። ወደ ጫፉ እየወፈረ የሚሄድ ፋይበር ሞከሩ፤ መግቢያው ቀጭን፣ መውጫው ጠንካራ እንዲሆን። ጫፉን የሚጠብቅ ትንሽ የብረት ቀለበት አለበሱት። ከሁሉ የሳበኝ ከጠመንጃ የተወሰደው ሐሳብ ነው። በአንዳንድ መሣሪያዎች አፈሙዝ ላይ ጎኑ የተበሳ ቱቦ ይገጠማል፤ የባሩዱ ጋዝ በጎን ስለሚወጣ የመሣሪያው ግፊት ይቀንሳል። እነርሱም ጎኑ የተበሳ እጅግ ትንሽ የብረት ጫፍ ሠሩ፤ የእንፋሎቱ አረፋ በጎን በኩል ሲወጣ ጠጠሩን መግፋቱን ያቆማል፣ ብርሃኑ ግን ቀጥ ብሎ ያልፋል። በ2017 ታተመ፤ ጠጠሩ ያነሰ መገፋቱም ተለካ።

ወደ ሰው ሲደርስ

አንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ሌዘር አያመርትም። የፋይበር ሌዘር ኢንዱስትሪውን የገነባው በቫለንቲን ጋፖንትሴቭ የተመሠረተው አይፒጂ ፎቶኒክስ የተባለ ኩባንያ ነው፤ አንድ እግሩ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ሌላው በሞስኮ አቅራቢያ በፍሪያዚኖ ነበር። የፋብሪካ ብረት ለመቁረጥ የዳበረው ቴክኖሎጂ ነው ወደ ኩላሊት የመጣው። በሰው ላይ ቀድመው በስፋት የተጠቀሙበት የሩሲያ የዩሮሎጂ ሐኪሞች ናቸው። በ2020 የጃፓኑ የሕክምና መሣሪያ ኩባንያ ኦሊምፐስ «ሶልቲቭ» የተባለውን የቱሊየም ፋይበር ሌዘር በአሜሪካ ገበያ ላይ አወጣ፦ አማካይ ኃይሉ 60 ዋት፣ የምቱ ጫፍ 500 ዋት፣ ድግግሞሹ በሴኮንድ እስከ 2,400።

ስለ ኤሌክትሪኩ አንድ ስሌት እናድርግ፣ ለእኛ አገር ሆስፒታሎች ትርጉም አለውና። የቱሊየም ፋይበር ሌዘር ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ከመቶ 12 እጅ ያህሉን ወደ ብርሃን ይለውጣል። 60 ዋት ለማውጣት 500 ዋት ይበቃዋል ማለት ነው። ይህንኑ 60 ዋት ከሆልሚየም ለማግኘት ከ3,000 እስከ 6,000 ዋት ያስፈልጋል፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወይም ከዚያም በላይ። ቱሊየሙ በአየር ይቀዘቅዛል፣ በተራ ሶኬት ይሠራል። ጄኔሬተር ላይ ለሚተማመን ቀዶ ሕክምና ክፍል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ሌዘሩ ብቻውን ጠጠር አያወጣም። ተጣጣፊው ኢንዶስኮፕ በቀላሉ የሚጎዳ ውድ ዕቃ ነው፤ የሚጠግነው ባለሙያና የሚተካ ፋይበር በሌለበት የ500 ዋቱ ብልጫ ዋጋ አይኖረውም።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ያሸነፈ መሣሪያ በሰው ላይም ያሸንፋል? በኖርዌይ በርገን የሚገኘው የሃውከላንድ ሆስፒታል ሐኪሞች 120 ታማሚዎችን በዕጣ ከሁለት ከፍለው መልሱን ፈለጉ፤ ውጤቱ በ2022 ታተመ። ከሦስት ወር በኋላ በቱሊየም ከታከሙት 92 በመቶው፣ በሆልሚየም ከታከሙት 67 በመቶው ከጠጠር ነጻ ነበሩ። ጠጠሩ ቱቦው ውስጥ ከነበረባቸው መካከል በሁለቱም ወገን ሁሉም ጸዱ። ልዩነቱ የመጣው ከኩላሊት ጠጠር ነው፤ 86 በመቶ ለ49። ደም እይታን የጋረደበት አጋጣሚ በሆልሚየም 22 በመቶ፣ በቱሊየም 5 በመቶ ነበር።

እዚህ ላይ ጽሑፉን ብዘጋው ታሪኩ ያምር ነበር፤ ግን እውነቱ አይሞላም። የሆልሚየም አምራቾችም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ምቱን ለሁለት ከፍሎ፣ የመጀመሪያው አረፋውን እንዲከፍት፣ ሁለተኛው በተከፈተው እንዲያልፍ የሚያደርግ አዲስ ሆልሚየም አወጡ፤ ያንኑ የሙሴን ስም ሰጡት። በ2023 በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ይህን አዲሱን ሆልሚየም ከቱሊየም ጋር በ108 ታማሚዎች ላይ በዕጣ አነጻጸሩ። በሥራው ጊዜም ሆነ በውጤቱ አንዱ ከሌላው የጎላ ብልጫ አላሳየም።

እኔ ሁለቱን ጥናቶች የማነባቸው እንዲህ ነው። ኖርዌዮቹ ቱሊየምን ያነጻጸሩት ብዙ ሆስፒታሎች በእጃቸው ካለው ዓይነት ሆልሚየም ጋር ነው፤ ዊስኮንሲኖቹ ደግሞ በገበያው ላይ ካለው ምርጥ ጋር። ሁለቱም ትክክለኛ ጥያቄ ናቸው። አሮጌውን ሆልሚየም ለሚተካ ሆስፒታል የበርገኑ ቁጥር ይናገራል። አዲሱን ሆልሚየም የገዛ ሆስፒታል ግን ለመቀየር የሚያስቸኩለው ምክንያት የለውም። ለዚህም ላይ የሚያስደስተኝ ነገር አለ፦ የፍራይድ ቤተ ሙከራ ካልተነሣ ሆልሚየሙ ሃያ ዓመት በቆየበት መልኩ ሊቀጥል ይችል ነበር። ፉክክሩ ሁለቱንም አሻሻላቸው፤ ያተረፈው ጎኑን ይዞ የሚመላለሰው ታማሚ ነው።

የሚቀረው ሙቀት

ቱሊየም የራሱ አደጋ አለው፤ አደጋው የሚመነጨውም ጥንካሬው ከመነጨበት ነው። ውሃ ብርሃኑን በደንብ ይውጣል ማለት ውሃው ይሞቃል ማለት ነው። ስሌቱን ማንም ሊሠራው ይችላል። በኩላሊቱ ክፍል ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ አለ እንበል፤ አንድ ዲግሪ ለማሞቅ 42 ጁል ያህል ይፈልጋል። ሌዘሩ በ60 ዋት፣ ማለትም በሴኮንድ 60 ጁል እየተኮሰ ጉልበቱ ሁሉ ውሃው ውስጥ ቢቀርና ውሃው ባይፈስ፣ ሙቀቱ በየሴኮንዱ ከአንድ ዲግሪ በላይ ይጨምራል። በአሥር ሴኮንድ ከ37 ተነሥቶ 50ን ያልፋል። ሕያው ሥጋ በ43 ዲግሪ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ይጎዳል፤ ከዚያ በላይ እያንዳንዱ ዲግሪ የሚታገሠውን ጊዜ በግማሽ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ሐኪሞች ውሃውን ሳያቋርጡ ያፈሳሉ፣ ኃይሉን ዝቅ ያደርጋሉ፣ እያረፉ ይተኩሳሉ። የሻርሎቱ ቤተ ሙከራ በቱቦ ሙከራው ውስጥ የሙቀት መለኪያ ሽቦ ያስገባው ገና ሌዘሩ ገበያ ላይ ሳይወጣ ነበር።

ፍራይድና ተማሪዎቻቸው በጎን የያዙት ሌላ ሥራም አለ፤ በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትናንሽ ቀዳዳዎች በኩል በካሜራ እየታየ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ ጊዜ የደም ሥርን በኢንፍራሬድ ሌዘር መድፈን። ዛሬ ይህ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ሞገድ ወይም በአልትራሳውንድ መሣሪያ ነው፤ የመሣሪያው መንጋጋ ስለሚግል አጠገብ ያለን አካል እንዳይነካ ሐኪሙ እስኪበርድ ይጠብቃል። እነርሱ የሞከሩት 1.47 ማይክሮ ሜትር ብርሃን ነው፤ እርሱም ውሃ ከሚውጣቸው አንዱ ነው፣ የደም ሥር ግድግዳም አብዛኛው ውሃ ነው። ከኳርትዝ በተሠራ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ መንጋጋ የአሳማ የኩላሊት ደም ሥር ይያዛል፣ ይደፈናል። ከዚያ በአንድ ጫፉ ፈሳሽ እየተገፋ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ሥሩ እስኪፈነዳ። የጤነኛ ሰው የላይኛው የደም ግፊት 120 ነው። ቤተ ሙከራው ድፍኑ ያዘ የሚለው የዚያን ሦስት እጥፍ፣ 360ን፣ ሲቋቋም ነው።